የፋብሪካን ጢስ በፈሳሽ ስለ ማጠብ፤ ከዋግ ደጋ ላይ ሲመዘን

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛም ስለ አንድ የኬሚስትሪ ጥበብ ሂስ ስናቀርብ ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር እንወዳለን። ጥበቡ ከፋብሪካ ጢስ መውጫ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ወደ ሰማይ ከመበተኑ በፊት በፈሳሽ አጥቦ መያዝ ነው። ይህ ነገር በተማሪዎች ክርክር ላይ በተነሣ ቁጥር ተከራካሪዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ የቀረው መግዛት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ የሀብታም አገሮች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ለጆሮ ደስ ይላሉ፤ ሁለቱም ግን ሳይመዘኑ የተነገሩ ናቸው ብለን እናምናለን።

ለመመዘኛ የመረጥነው ቦታ ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ነው። በሰቆጣ የሲሚንቶ ፋብሪካ የለም፤ ጢሱ የሚታጠብ ትልቅ የጢስ መውጫም የለም። ታዲያ ስለ ምን ዋግን አነሣችሁ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር ምክንያታችን ሦስት ነው። አንደኛ፥ ዋግ የአየርን መለወጥ ዋጋ ከሚከፍሉት አገሮች አንዱ ነው። በ1977 ዓ. ም. የደረሰው ድርቅና ረኀብ በዚያ አገር ያደረሰው ጥፋት የታወቀ ነው። መንግሥትም በሐምሌ 2007 ዓ. ም. ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ. ኤ. አ. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ለቃል ኪዳኑ የሰጠው ስም የሰቆጣን ስም ነው። ሁለተኛ፥ የዋግ ደጋ አብዛኛው ከባሳልት፥ ማለት ገበሬው ጥቁር ድንጋይ ከሚለው፥ የተሠራ ነው፤ ይህም ድንጋይ ወደ ፊት እንደምናሳየው የተያዘውን ጋዝ ለመቅበር ይፈለጋል። ሦስተኛ፥ ከዋግ ወሰን የሚያልፈው የተከዜ ወንዝ በ2002 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ግድብ ያለበት ስለ ሆነ፥ ስለ ኃይል ስንነጋገር በዓይን የሚታይ መለኪያ ይሆነናል።

1. የጥበቡ ጠባይ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በተለይም እንደ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ፥ የኖራ ውኃን ሙከራ ያስታውሳል። የጠራ የኖራ ውኃ በብርጭቆ ተደርጎ በቀጭን ቱቦ እስትንፋስ ሲነፋበት እንደ ወተት ይነጣል። የሚነጣውም በእስትንፋሳችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋራ ተዋሕዶ ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ስለሚሆን ነው። እንግዲህ ፈሳሽ ጋዝን ለመያዝ መቻሉ ማንም ተማሪ በዓይኑ ያየው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የፋብሪካን ጢስ በኖራ ውኃ ማጠብ ትርፍ የለውም። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይን በማቃጠል ነው። ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 56 ኪሎ ኖራ ሲወጣ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይሄዳል። ያ ኖራ ተሟሙቶ ጋዝ እንዲይዝ ቢደረግ የሚይዘው ቀድሞ የለቀቀውን ያንኑ 44 ኪሎ ነው፤ ለማቃጠያ የነደደው ነዳጅ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሊቃውንት የፈለጉት ጋዙን በቀዝቃዛነቱ ይዞ፥ ሲሞቅ የሚለቅ፥ ከለቀቀም በኋላ እንደ ገና ለሥራ የሚመለስ ፈሳሽ ነው።

እንዲህ ያለው ፈሳሽ ከአሚን ወገን ተገኘ። ቦቶምስ የተባለ አሜሪካዊ በ1930 እ. ኤ. አ. ጋዝን በአሚን የመለየትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዘዴው እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። የቀዘቀዘው ጢስ ከአንድ ረጅም ማማ ሥር ይገባና ወደ ላይ ይወጣል። ከማማው አናት ደግሞ ፈሳሹ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ፈሳሽ ከመቶው 30 እጅ ሞኖኤታኖላሚን፥ የቀረው ውኃ ነው። ጢሱና ፈሳሹ በመንገድ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከአሚኑ ጋራ ይጣበቃል፤ የቀረው ናይትሮጅን በአናቱ ይወጣል። ጋዝ የጠገበው ፈሳሽ ወደ ሁለተኛው ማማ ተገፍቶ እስከ 120 ዲግሪ ሲሞቅ የያዘውን ይለቃል፤ ከዚያም ቀዝቅዞ ወደ መጀመሪያው ማማ ይመለሳል። የአምቦን ውኃ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ አቆይቶ የከፈተ ሰው፥ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የያዘውን ጋዝ ሙቅ ፈሳሽ እንደማይችለው በፊቱ ላይ ተረጭቶ ያውቀዋል። የማማዎቹም ጨዋታ ዋናው ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም።

ሌላም የታወቀ ፈሳሽ አለ። የእንጨት አመድ በውኃ ተዘፍዝፎ ሲጠል የሚገኘው ጨው አብዛኛው ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። በ1950ዎቹ እ. ኤ. አ. ቤንሰንና ፊልድ የተባሉ የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ኬሚስቶች በዚሁ ጨው ትኩስ ውኃ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከታመቀ ጋዝ የመለየትን ዘዴ አወጡ። ይህን ያነሣነው ጥበቡ ከሰማይ የወረደ ምሥጢር እንዳይመስል ነው። አመድም ኖራም በቤታችን አሉ። የሚከብደው ነገር ጋዙን መያዙ ሳይሆን፥ ከያዙ በኋላ ማስለቀቁና ማስቀመጡ ነው፤ ሂሳችንም የሚያተኩረው በነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

2. እስከ ዛሬ የታየው ሥራ

ጥበቡን የሚያመሰግኑ ሰዎች በሥራ ላይ የዋለ ምሳሌ እንዳለ ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ኖርዌዮች ስላይፕነር በተባለው የባሕር ጋዝ ማውጫ ከ1996 እ. ኤ. አ. ጀምረው ከተፈጥሮ ጋዝ የለዩትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል በታች ቀብረዋል። በካናዳ ባውንደሪ ዳም የተባለው የከሰል ኤሌክትሪክ ጣቢያ በ2014 እ. ኤ. አ. ጢሱን በአሚን ማጠብ ጀመረ፤ ነገር ግን በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ይይዛል ተብሎ የታሰበው ለብዙ ዓመታት ከታሰበው በታች ሆኖ ቆየ። በአሜሪካ ቴክሳስ ፔትራ ኖቫ የተባለው በ2017 ጀምሮ በ2020 እ. ኤ. አ. ቆመ። ይህ ጣቢያ የያዘውን ጋዝ ያረጀ የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ዘይት ለመግፋት ያውለው ስለ ነበር፥ የዘይት ዋጋ ሲወድቅ የማጠቡ ሥራ አብሮ ወደቀ፤ እንደ ገና የተነሣው በ2023 ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በኖርዌይ ብሬቪክ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። በሰኔ ወር 2025 እ. ኤ. አ. የተመረቀው ይህ ጣቢያ የሲሚንቶን ጢስ በትልቅ መጠን በአሚን ለማጠብ በዓለም የመጀመሪያው ሲሆን በዓመት 400,000 ቶን ያህል ጋዝ እንዲይዝ ተሠርቷል። ይህም የፋብሪካው ጋዝ እኩሌታ ያህል ነው። እኩሌታው ብቻ የሆነበትን ምክንያት አመስጋኞቹ ብዙ ጊዜ አይናገሩትም፤ ከምድጃው የሚተርፈው ሙቀት ፈሳሹን ለማሞቅ የሚበቃው እስከዚያ ድረስ ስለ ሆነ ነው። የተያዘውም ጋዝ በመርከብ ወደ ምዕራብ ጠረፍ ተጉዞ፥ ከዚያ በቧንቧ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ውስጥ ሄዶ፥ ከባሕሩ ወለል 2,600 ሜትር በታች ይቀበራል። እንግዲህ ማማው የሥራው ደጃፍ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

3. ስለ ሙቀት

አሁን ይህን ምሳሌ ወደ አገራችን አምጥተን እንመዝነው። በመስከረም 2017 ዓ. ም. በሰሜን ሸዋ የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 10,000 ቶን ክሊንከር ለማምረት የሚችል ምድጃ አለው። ክሊንከር ማለት ከምድጃ የሚወጣው፥ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነው ጥሬ ነገር ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት ከኖራ ድንጋዩ ራሱ ከግማሽ ቶን የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከነዳጁ የሚወጣው ሲጨመርበት በደምሳሳው 0.8 ቶን ይደርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ምድጃ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በቀን 8,000 ቶን ያህል፥ ማለት 80,000 ኩንታል ጋዝ ይለቃል ብለን ልናስብ እንችላለን።

ከዚህ ከመቶው 90 እጁን በአሚን እንያዝ ብንል 7,200 ቶን ይሆናል። አንድ ቶን ጋዝ ከተለመደው የሞኖኤታኖላሚን ፈሳሽ ለማስለቀቅ ከ3.5 እስከ 4 ጊጋጁል ሙቀት ያስፈልጋል። በ3.6 ብናባዛው በቀን 25,920 ጊጋጁል ይመጣል። ይህን በቀኑ ሰኮንዶች ስናካፍለው ሌሊትና ቀን የማይቋረጥ 300 ሜጋዋት ሙቀት ሆኖ እናገኘዋለን። 300 ሜጋዋት ደግሞ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ተርባይኖች ሁሉ ሲዞሩ የሚያመነጩት ኃይል ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ እንዲጠነቀቅ እንለምናለን። ሙቀትና ኤሌክትሪክ አንድ አይደሉም፤ ፈሳሹን ለማሞቅ የግድ የተከዜን ኤሌክትሪክ መጠቀም አያስፈልግም። ከምድጃው የሚተርፍ ሙቀትም የድርሻውን ያግዛል፤ አዳዲሶቹ ፈሳሾችም ከአሮጌው በብዙ ያነሰ ሙቀት ይጠይቃሉ። ይህ ሁሉ ተቀንሶ እንኳ የሚቀረው መጠን ትልቅ ነው። የቀረው ሙቀት ከከሰል የሚመጣ ከሆነ አዲስ ጢስ ይጨመራል፤ ከኤሌክትሪክ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ገና መብራት ላልደረሰው የገጠር ሰው ሊሰጥ ይችል የነበረው ኃይል ጢስ ለማጠብ ይውላል። ከተከዜ ሐይቅ ዳር ባሉት በዝቋላ፥ በአበርገሌና በሳህላ ገጠሮች የሚኖር ገበሬ ይህን ስሌት ቢነግሩት ምን ብሎ እንደሚመልስ መገመት አያስቸግርም።

ሌላም የደጋ ችግር አለ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውኃ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይፈላል፤ ንፍሮ የሚቀቅሉ እናቶቻችንም ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማገዶው ያውቁታል። ጋዝ ወደ ፈሳሽ የሚገባው በግፊቱ መጠን ስለ ሆነ፥ በደጋ አገር የቆመ ማማ በባሕር ጠረፍ እንደ ቆመው እኩል ሊይዝ አይችልም። አንዱ ኪሎ ጢስም ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ማማው መስፋት አለበት። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ለቆመው ለብሬቪክ የተነደፈ ፕላን እንዳለ ተገዝቶ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ይተከል የሚል ሰው፥ የተለካውን ልብስ ለባለቤቱ ሳይሆን ለጎረቤቱ እንደሚያለብስ ሰፊ ነው።

ፈሳሹም ዘላለማዊ አይደለም። በጢሱ ውስጥ ያለው ኦክሲጅንና የድኝ ጋዝ አሚኑን ቀስ በቀስ ያበላሹታል፤ የተበላሸው ብረትን ይበላል፤ ከአናቱ በንኖ የሚወጣውም ለጤና የሚያሰጋ ውሕድ ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ መጠበቅ አለበት። የጎደለው በየጊዜው መተካት ይኖርበታል። አሚኑ ከውጭ የሚገዛ ከሆነ፥ ፋብሪካው ለመለዋወጫ ከሚፈልገው የውጭ ምንዛሪ ጋራ ሁልጊዜ ሲሻማ ይኖራል ማለት ነው።

4. ስለ ማስቀመጫውና ስለ ውኃ

በአማርኛችን «ካርቦንን መያዝ» የሚለው ቃል መልካም ቃል ነው፤ ግን ግማሽ ነገር ይናገራል። ሌባ ተያዘ ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የት ታሰረ?» የሚል ነው። የተያዘው ጋዝም የሚታሰርበት ቦታ ካልተገኘ መልሶ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ የደከምንበትም ከንቱ ይሆናል። ጥቂቱን ለለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ መሸጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ጋዝ ጠርሙሱ እስኪከፈት ድረስ ብቻ ይቆያል፤ በቀን የሚመጣ 7,200 ቶንንም የሚጠጣ ሕዝብ የለም።

ኖርዌዮች ባሕር አላቸው። እኛ ባሕር የለንም፤ ድንጋይ ግን አለን። የሰሜን ኢትዮጵያ አምባ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋግሞ በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተደራረበ ባሳልት ነው። ከዋግ ደጋ ላይ ሆኖ ገደሉን የተመለከተ ሰው አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ እንደ ደረጃ ተደራርቦ ያያል። ይህም ድንጋይ በውስጡ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስላለው በውኃ የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው ጋዙን ወደ ድንጋይነት ይለውጠዋል። የአይስላንድ ሊቃውንት ካርብፊክስ በተባለው ሥራቸው ይህን አሳይተዋል። በሄትሊስሄይዲ ከእንፋሎት ኤሌክትሪክ ጣቢያ የሚወጣውን ጋዝ በውኃ አሟሙተው ከ2012 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ወደ ባሳልት አወረዱት፤ በ2016 ባወጡት ጽሑፍም ከመጀመሪያው ሙከራ ጋዝ ከመቶው 95 እጅ የሚበልጠው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ድንጋይ ሆኖ እንደ ቀረ አስታወቁ። በኋላም በማማ ውስጥ የሚያጥቡበት ፈሳሽ አሚን ሳይሆን ተራ ውኃ ነው።

ይህን ያነበበ የደጋ ልጅ ልቡ መዝለሉ አይቀርም። «እንግዲያውስ ተራራችን ሁሉ የካርቦን ጎተራ ነው፤ ዓለም ጋዙን ያምጣ፥ ገንዘቡንም ይክፈል» የሚል ንግግር በመካከላችን የተሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ንግግሩ ያማረ ነው፤ ሆኖም ውኃውን ረስቷል።

በአይስላንድ ዘዴ አንድ ቶን ጋዝ አሟሙቶ ለማውረድ 25 ቶን ያህል ውኃ ያስፈልጋል። አይስላንድ ዝናብና በረዶ የተረፋት አገር ስለ ሆነች ይህ ቁጥር እዚያ አያስደነግጥም። በዋግ ግን ውኃ የሚለካው በጀሪካን ነው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። አንድ ኩንታል ክሊንከር ሲመረት 80 ኪሎ ጋዝ ይወጣል ብለናል፤ ያን 80 ኪሎ በዚህ መንገድ ለመቅበር 2,000 ሊትር ውኃ፥ ማለት 100 ጀሪካን ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል በአህያ ጀርባ ይጫናል፤ 100 ጀሪካን ግን ሃምሳ እንስራ ተሸካሚ ቢሰለፍም በአንድ ጉዞ አይደርስም። የአንድ ትልቅ ምድጃ የቀን ጋዝ 7,200 ቶን ሲሆን ውኃው 180,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጀሪካን ቢታደል ለ9 ሚሊዮን ሰው የቀን ድርሻ ነው።

የዘዴው ደጋፊዎች መልስ እንዳላቸው እናውቃለን። ውኃው ከዚያው ከባሳልቱ ውስጥ ተቀድቶ ወደዚያው ሊመለስ ይችላል፤ በአይስላንድም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ተደርጓል፤ በባሕር ውኃ ለመሥራትም ተሞክሯል። የባሕሩ ነገር እኛን አይመለከትም። ከድንጋዩ ውስጥ ያለውን ውኃ በሚመለከት ግን፥ በዋግ ደጋ ምንጭና የጉድጓድ ውኃ የሚወጣው ከዚያው ከተሰነጠቀ ባሳልት ነው። ሴትና ልጅ በበጋ ወራት ሩቅ ሄደው ወረፋ የሚጠብቁለት ውኃ ያ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በዚያ አገር ጉድጓድ ቆፍሮ ጋዝ ላውርድ ቢል የመጀመሪያው ጥያቄ የኬሚስትሪ ጥያቄ አይሆንም። ውኃው የማን ነው? ከየት ተቀድቶ ወዴት ይሄዳል? ምንጩ ቢጎድል ወይም ቢለወጥ ማን ይጠየቃል? እነዚህ ጥያቄዎች በሰቆጣ ገበያ ቀን በኽምጣኛና በአማርኛ ተጠይቀው ካልተመለሱ፥ በአዲስ አበባ የተጻፈው ስሌት የቱን ያህል ቢያምር ሙሉ ነው ልንለው አንችልም።

5. «ምን አገባን» ለሚሉ

እስከ አሁን የተናገርነው ለሁለተኛው ወገን ድጋፍ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በ2004 ዓ. ም. የወጣው የኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚያስረዳው፥ በ2010 እ. ኤ. አ. አገሪቱ ወደ አየር የለቀቀችው ጋዝ ሁሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲተመን 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ከዚህም እኩሌታው ከእርሻና ከከብት፥ ከመቶው 37 እጁ ከደን መመንጠር የመጣ ሲሆን የኢንዱስትሪ ድርሻ 3 እጅ ያህል፥ ማለት 4 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነበር። «ምን አገባን» የሚለው ወገን እዚህ ቁጥር ላይ ያቆማል።

ስትራቴጂው ግን እዚያ አላቆመም። ልማቱ በተለመደው መንገድ ከሄደ የኢንዱስትሪው ጋዝ በ2030 ወደ 71 ሚሊዮን ቶን ሊደርስ ይችላል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ዋናውም ምክንያት ሲሚንቶ ነው። ግምቱ በልክ ባይፈጸም እንኳ አቅጣጫው ግልጽ ነው። መንገድ፥ ድልድይ፥ ትምህርት ቤትና የውኃ ማጠራቀሚያ ያለ ሲሚንቶ አይሠራም፤ ለዋግ የሚያስፈልገው የውኃ ሥራ ራሱ ሲሚንቶ ይፈልጋል። የሲሚንቶ ጠባይ ደግሞ ከሌላው ፋብሪካ ይለያል። የኤሌክትሪክ ጣቢያ ከሰሉን ትቶ በውኃና በነፋስ ሊሠራ ይችላል። ሲሚንቶ ሠሪ ግን ምድጃውን በነፋስ ኃይል ቢያሞቀውም ከጋዙ ከግማሽ የሚበልጠው ከድንጋዩ ስለሚወጣ አያመልጠውም። ስለዚህ ክሊንከር እስከ ተቃጠለ ድረስ የመጨረሻውን ጋዝ የሚይዝ አንድ ዘዴ አንድ ቀን ያስፈልገናል፤ ያም ዘዴ ምናልባት ፈሳሽ ይሆናል። «ምን አገባን» ማለት ያን ቀን ዕውቀት የሌለው ገዢ ሆኖ ገበያ ላይ መቆም ነው።

6. የሚሻለው ቅደም ተከተል

ሂስ አፍርሶ መሄድ ብቻ ከሆነ ለወሬ የለው ፍሬ ይሆናልና እኛ የሚሻል የመሰለንን በቅደም ተከተል እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው የክሊንከርን መጠን መቀነስ ነው። በስምጥ ሸለቆአችን የሚገኘው ፑሚስ የተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ በክሊንከር ፈንታ ከሲሚንቶ ጋራ ይቀላቀላል። ስትራቴጂውም ይህን መንገድ ከዋናዎቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል፤ በዚህ ሊመሰገን ይገባል። ከመቶ ኪሎ ሲሚንቶ 10 ኪሎ ክሊንከር በፑሚስ ቢተካ 8 ኪሎ ያህል ጋዝ ሳይወለድ ይቀራል። ያልተወለደ ጋዝ ማማ አይፈልግም፤ አሚን አይፈልግም፤ ውኃም አይጠጣም። ይህን መንገድ ሳይጨርሱ ለማማ መግዣ ብድር መግባት አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ነው። እርግጥ ነው፥ ድብልቁ በልክ ካልሆነ የሲሚንቶው ጥንካሬ ይጎዳል፤ ስለዚህ ለየሥራው የሚስማማውን መጠን መመርመር ለኮሌጅ ላቦራቶሪ የተገባ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ከምድጃው የሚባክነውን ሙቀት መለካትና ማዳን ነው። ብሬቪክ እንዳስተማረን የማጠቡ መጠን የሚወሰነው በተረፈው ሙቀት ነውና፥ ይህን ሳያውቁ ስለ ማማ መነጋገር ቤት ሳይሠሩ ስለ መጋረጃ መነጋገር ነው።

ሦስተኛው ጥበቡን በትንሹ መልመድ ነው። ከቢራ ጋን የሚወጣው የመፍላት ጋዝ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለ ሆነ፥ አየር ተቀላቅሎበት ከሚወጣው የምድጃ ጢስ ይልቅ ለመያዝ ይቀላል። በዚያ ላይ የተለማመደ ኬሚስትና መካኒክ በኋላ ለትልቁ ሥራ ይደርሳል። በደጋ ግፊት ፈሳሽ ምን ያህል ጋዝ እንደሚይዝ መለካትም ትንሽ የብርጭቆ ማማና ሚዛን ላለው ተማሪ የማይቻል አይደለም። እንዲህ ያለው ልክ በራሳችን ከፍታ ቢወሰድ ከባሕር ጠረፍ በተቀዳ ሠንጠረዥ ከመመራት ያድነናል።

አራተኛውና ለዋግ የሚበልጠው፥ የባሳልቱን ውኃ ከጋዙ በፊት ማወቅ ነው። የትኛው ንጣፍ ውኃ ይይዛል? ከየት ይሞላል? በድርቅ ዓመት ምን ያህል ይጎድላል? ይህ ጥናት ጋዝ ለመቅበር ባይረዳ እንኳ ጉድጓድ ለመቆፈር ይረዳል፤ ስለዚህ የሚጠፋ ድካም የለውም። የተገላቢጦሽ ቢደረግ ግን፥ ማለት ጋዙ ቀድሞ ውኃው ቢከተል፥ ከሰማይ ጢስ ለመቀነስ ሲባል በምድር ጥም ይጨመራል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የፋብሪካን ጢስ በፈሳሽ ማጠብ እውነተኛ ጥበብ ነው፤ ይሠራል። ዋጋውም በሙቀትና በማስቀመጫ፥ በአገራችንም ድንጋይ ላይ ሲመጣ በውኃ ይከፈላል። የሚያመሰግኑት ሰዎች ስለ መጀመሪያው ማማ የሚናገሩትን ያህል ስለ ሁለተኛው ማማና ስለ ጉድጓዱ ቢናገሩ፥ የሚንቁትም የሲሚንቶውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ቢያነቡት፥ ክርክራችን ከጩኸት ወደ ስሌት ይመለሳል። ስሌታችን በደምሳሳ ቁጥር የተሠራ ስለ ሆነ፥ በፋብሪካ ወይም በውኃ ሥራ ላይ ያሉ አንባቢያን ከምድጃቸውና ከጉድጓዳቸው የለኩትን ቁጥር በዚሁ መጽሔት ላይ ቢያወጡት በደስታ እንቀበላለን። በተለይም ከዋግ የሚመጣ ቁጥር፥ በጀሪካን ቢጻፍም፥ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅመናል።